ባለ 109 ኢንች የሬዚን ላንድሮቨር፦ የበረሃ ቅኝት መኪና ሞዴል አሠራር

ይህ መመሪያ በ1/35 መጠን ከሬዚን (ፈሳሹ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተቀዳ ባለ 109 ኢንች ላንድሮቨር የቅኝት መኪና ለሚገጣጥም ሰው የተጻፈ ነው። ዕቃውም አየሩም በደሴና በኮምቦልቻ ልክ የታሰበ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው የማድረቂያ ሰዓቱን እንደ አካባቢው ያስተካክል።

በምሳሌነት የያዝነው የእንግሊዙ ልዩ ጦር ኤስኤኤስ በ1968 እ.ኤ.አ. ካዘዛቸውና «ፒንክ ፓንተር» የሚል ቅጽል ስም ካተረፉት 72 ላንድሮቨሮች አንዱን ነው፤ በርና የፊት መስታወት የሌለው፣ ትርፍ ጎማው ከፊት የታሰረ፣ ሁለት መትረየስና ብዙ ጄሪካን የጫነ፣ ሐመር ሮዝ የተቀባ። ሮዙ የተመረጠው ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ከበረሃው ብርሃን ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ሌላ ዓይነት ላንድሮቨር ለያዘም ከቀለሙ በቀር ሥራው ያው ነው።

ሬዚን ላይ የምናየው ጉድለት አብዛኛው ቀለም ሲቀባ ይገለጣል እንጂ የሚፈጠረው ቀደም ብሎ፣ እጥበትና ቆረጣ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሙጫ ከመከፈቱ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ዕቃና መሣሪያ

ከፋርማሲ፦ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሁለት፣ መርፌ፣ 70 በመቶ አልኮል፣ የቁስል ፋሻ፣ ኤን95 ማስክ። ማስኩን አትዝለሉት፤ ምክንያቱ ከታች አለ። መርፌ ሲገዛ በመያዣው ቀለም ይታዘዛል፦ አረንጓዴው 0.8 ሚሜ፣ ሰማያዊው 0.64 ሚሜ፣ ብርቱካናማው 0.5 ሚሜ ውፍረት አለው። ሦስቱንም ያዙ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው።

ከመኪና ቀለም ቤት፦ ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ቀለም) አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ፣ ትንሽ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 240፣ 400፣ 800 እና 1000 አንድ አንድ ገጽ። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር፦ ባለ 3 ግራም ሱፐር ግሉ አራት ቱቦ (ከተከፈተ ቶሎ ስለሚወፍር አንድ ትልቅ ከመግዛት አራት ትንንሽ ይሻላል)፣ ሁለት ቱቦ ያለው ኤፖክሲ፣ በኢንች 32 ጥርስ ያለው የሴጌቶ ምላጭ፣ ካተር፣ ትንንሽ ሞረድ፣ አኳራጅ፣ ነጭ የአናጢ ኮላ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ባለ 0.75 ካሬ ሚሜ ተጣጣፊ ሽቦ አንድ ሜትር ይበቃል፤ ውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች እያንዳንዳቸው 0.2 ሚሜ ናቸው፣ ለሞዴሉ የኤሌክትሪክ ገመድና ለማሰሪያ ይሆናሉ። 20 በ30 ሴ.ሜ የሆነ ወፍራም መስታወትም አስቆርጡ። ከእንጨት ጠረጴዛ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው፣ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ መስሎ ጎባጣ ነው።

ቀጭን ፑንታ ከጠፋ የስፌት መርፌ በቀዳዳው መሃል በፒንሳ ይሰበርና ሹካ የሆነው ጫፍ ይሞረዳል። ሬዚን ለስላሳ ስለሆነ በጣት እያሽከረከሩ በደንብ ይበሱበታል።

ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሸጠው ሙጫ እዚህ አይሠራም። እሱ የሚያጣብቀው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፣ ሬዚን ደግሞ አይቀልጥለትም። ከሬዚኑ ጋር የፕላስቲክ ክፍል ተቀላቅሎ ከመጣ ግን ናይትሮ ቲነር አታስጠጉት፣ ያኛው ይሟሟል።

ሣጥኑ ሲከፈት

ክፍሎቹን ከስዕሉ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ትንንሾቹን በየምድባቸው (ሻንሲ፣ አካል፣ ጎማ፣ ጭነት) በተለያየ ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጡ። ቀጥሎ ለካ ለካ አድርጉ። የ109 ኢንች ላንድሮቨር የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2769 ሚሜ ስለሆነ በ1/35 79 ሚሜ ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ወደ 13.5 ሚሜ ቁመትና 10 ሚሜ ስፋት ይኖረዋል። ሬዚን ሲጠነክር ጥቂት ስለሚሰበሰብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያጥር አያሳስብም። የሚያሳስበው የሻንሲው ግራና ቀኝ ከተለያዩ ነው፤ ያ መጉበጥን ያመለክታል፣ በማቃናት ይታረማል።

እጥበት

ክፍሎቹ ከሲሊኮን ሻጋታ በቀላሉ እንዲወጡ ቅባት ይቀባላቸዋል። ቅባቱ በዓይን ባይታይም ቀለም አይዝበትም፤ በኋላ የወረቀት ስኮች ሲላጥ ቀለሙ አብሮ ይነሳል። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ፣ ክፍሎቹን 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስርጉድ ስርጉዱን ፈትጉ። በንጹሕ ውሃ የሚታጠበው ከሥር ወንፊት ተደርጎ ነው፣ አንድ ስፖኪዮ በቧንቧ ከሄደ አይመለስም። ፎጣ ላይ ሌሊቱን ይደር።

መታጠቡን ለማረጋገጥ ከአካሉ ሥር ውሃ አንጠብጥቡ። ተሰብስቦ ከተንከባለለ ቅባት አለ፣ ድገሙት። ተዘርግቶ ከተኛ ነጽቷል። ከዚህ በኋላ ክፍሉን በነካችሁ ቁጥር የእጅ ወዝ ይመለሳልና ፕራይመር ሊቀባ ሲል በአልኮል አንድ ጊዜ ይወልወል።

ጉቶ ቆረጣ

ሬዚኑ ሲፈስ የገባበት በኩል ወፍራም ጉቶ ይቀራል። የሴጌቶ ምላጭ ራሱ ወደ 1 ሚሜ ይበላል፣ ስለዚህ ልክ መስመሩ ላይ ሳይሆን 1 ሚሜ ራቅ ብላችሁ ቁረጡና ቀሪውን በ240 ወረቀት አውርዱ። ስስ ክፍል ሲቆረጥ የሚያዘው ከጉቶው ነው፤ ክፍሉን ጨምቆ መያዝ መጨረሻ ላይ ይሰብረዋል። የሻንሲውን ጉቶ ግን አትቸኩሉበት፣ እስኪቃና ድረስ ደግፎ ይይዘዋል።

አሁን ስለ ማስኩ። የሬዚን አቧራ እጅግ ደቃቅ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መቁረጥም መፈግፈግም በውሃ ርሶ ይሁን። ጠረጴዛው የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በትንፋሽም በመጥረጊያም አይደለም። ምግብ የሚሠራበት ክፍልና ሕፃን የሚተኛበት ቤት ውስጥ ይህ ሥራ አይሠራም። በእርጥቡ መፈግፈግ ለሥራውም ይበጃል፣ ወረቀቱ በዱቄት አይደፈንም።

በጎኖቹ የተንጠለጠለው ስስ ሽፋን በካተር ጫፍ በቀስታ ተፍቆ ይነሳል። ሰፊ ቀዳዳ የሸፈነውን ከመሃል ወደ ዳር ቁረጡ፤ ከዳር ወደ መሃል ከተገፋ ዳሩን ይዞ ይሰነጠቃል።

ማቃናት

ረጃጅሞቹ፣ ሻንሲው፣ ፓራውልቱና የስፖንዳው ግድግዳ፣ አንዳንዴ ጎብጠው ይመጣሉ። ሬዚን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲለሰልስ ያቃኑታል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ደሴ 2500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ይጠጋል። ሁለቱም ለቀጭን ክፍል ስለሚበዙ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ ለስድስት ሰባት ደቂቃ አቆዩት። ክፍሉን በፒንሳ ይዛችሁ 30 ሰከንድ ንከሩ፣ መስታወቱ ላይ አስተኙ፣ ሌላ ጠፍጣፋ ነገር ከላዩ ጫኑበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ካልተቃና ድገሙ። በእጅ እያጎበጡ ማስገደድ ግን አይሞከር፤ ሬዚን ሳይሞቅ ከተገደደ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ሬዚን የቀድሞ ጉብጠቱን ያስታውሳል። ተቃንቶ ሳይገጣጠም ፀሐይ ላይ፣ በተለይ ኮምቦልቻና ባቲ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተተወ ይመለሳል። የተቃና ሻንሲ በሁለት ቀን ውስጥ አክስሉን ይያዝ።

የአየር አረፋ

ከዳር ላይ፣ በተለይ ከኮፋኖው ማዕዘንና ከፓራፋንጎው ጠርዝ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ይታያል። ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፊ ስለሆነች በመጀመሪያ በመርፌ አስፍታችሁ ክፈቷት። እንዲሁ ከተደፈነች ሙጫው አፏ ላይ ይቀርና ስትፈገፈግ ትመለሳለች።

ለትልቁ ቀዳዳ ሱፐር ግሉና ቤኪንግ ሶዳ ነው፦ ዱቄቱ ይሞላል፣ አንድ ጠብታ ይነካል፣ ወዲያው ይደርቃል። ድንጋይ ስለሚሆን ወደ ጠርዝ አይሁን። ለትንሹና ለጠርዙ በሶዳው ምትክ የሕፃን ፓውደር ተጠቀሙ፤ ዘግይቶ ቢደርቅም በቀላሉ ይፈገፈጋል። በሁለቱም መፈግፈጉ በሰዓት ውስጥ መሆን አለበት። ሱፐር ግሉ ካደረ ከሬዚኑ ይበልጥ ስለሚጠነክር ወረቀቱ ሬዚኑን ብቻ ይበላና ሙጫው ጉብ ብሎ ይቀራል። ለሰፊ ስንጥቅ ስቱኮ፤ ግን በስሱ፣ ሁለት ጊዜ።

መገጣጠም

ማንኛውም ሁለት ክፍል ሙጫ ከመነካቱ በፊት ደረቁን ይሞከራል። ሙሉው መኪና በወረቀት ስኮች ታስሮ ቆሞ መታየት አለበት፤ አካሉ ሻንሲው ላይ ሲቀመጥ በአራቱም ማዕዘን እኩል ካልተኛ አሁን ነው የሚፈገፈገው።

ሱፐር ግሉ ሲሳብ ጠንካራ ነው፣ ሲመታና ሲጠመዘዝ ግን ይፈነጠራል። ስለዚህ ክብደት የሚችል መጋጠሚያ ሁሉ፣ አክስልና ባሌስትራ፣ ጎማና አክስል፣ የመትረየሱ ማቆሚያ፣ ውስጡ ፒን ይገባለታል። ሰማያዊው መርፌ ለዚህ ይሆናል፦ 3 ሚሜ ቁራጭ፣ በሁለቱም ወገን 1.5 ሚሜ ጥልቀት ያለው 0.7 ሚሜ ቀዳዳ። ሁለቱ ቀዳዳዎች እንዲገጥሙ በመጀመሪያ አንዱን ብሱ፣ ፒኑን አስገቡ፣ ጫፉን ቀለም ንኩና ሌላኛው ክፍል ላይ ጫኑት፤ ነጥቡ ያለበት ይበሳል። መርፌ በፒንሳ ከተቆረጠ አፉ ይጨፈለቃል። በሞረድ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጋችሁ ሰበር ማድረግ ንጹሕ ጫፍ ይሰጣል።

የዚህ ዘመን 109 ላንድሮቨር በአራቱም ጎማ ባሌስትራ ነው ያለው። ባሌስትራው ለብቻው ከመጣላችሁ ሻንሲው ላይ ቀድሞ ይገጠም፣ አክስሎቹ ቀጥለው፣ ካምቢዮና ማርሚታ ከዚያ። ከጎን ስታዩ የሁለቱ አክስል መሃል ከመስታወቱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን።

ጎማ ላይ ብዙ ሞዴል ይበላሻል። የጎማው ጉቶ የነበረበት ጎን ጠፍጣፋ ስለሚሆን ወደ መሬት ይዙር፤ ከባድ መኪና ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ እንዲሁ ስለሚተኛ ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። ጎማ በሱፐር ግሉ አይጣበቅም፣ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ኤፖክሲ ቀብታችሁ አራቱንም ፒናቸው ላይ አድርጉ፣ መኪናውን መስታወቱ ላይ አቁሙ፣ ከላይ ቀላል ክብደት ጫኑ። የጽሕፈት ወረቀት ቁራጭ በየጎማው ሥር ግፉ፤ 0.1 ሚሜ ነው ውፍረቱ። ያለ ችግር የሚያልፍበት ጎማ አየር ላይ ነው ያለው፣ ኤፖክሲው ሳይጠነክር ወደ ታች ይገፋ። የደሴ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ኤፖክሲ ደግሞ በብርድ ይዘገያል፤ ባለ 5 ደቂቃ የሚለውን አትመኑ፣ 24 ሰዓት ስጡት።

ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በአየር እርጥበት ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይዘገያል፤ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጊዜ እስትንፋስ አድርጉበት፣ ይበቃል። በክረምት፣ ጉም ከጦሳ ተራራ በሚወርድበት ሰሞን፣ በተቃራኒው ፈጥኖ ይደርቅና ዙሪያው ነጭ ይሆናል። ነጩ የሙጫው ተን ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ሙጫውን በመርፌ ጫፍ በጥቂቱ ቀቡ። እንደ መብራት መስታወት ያለው አሳላፊ ክፍል ጨርሶ በሱፐር ግሉ አይነካ፣ በነጭ ኮላ ይጣበቅ።

ወንበሩ፣ መሪው፣ መትረየሱና ጭነቱ ለብቻ ተቀብተው በመጨረሻ ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ብሩሽ ሥራቸው አይደርስም።

የመትረየሱ አፈሙዝ በሬዚን ከመጣ ጎባጣና ያለ ቀዳዳ ነው፣ ቆርጣችሁ ጣሉት። 0.64 ሚሜው ሰማያዊ መርፌ በ35 ሲባዛ 22 ሚሜ ግድም ይመጣል፣ ቀዳዳውም ከራሱ ጋር ነው። የጭነቱን መሸፈኛ ሸራ ከለስላሳ ወረቀት ቆርጣችሁ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ፣ ጄሪካኑ ላይ እንዳለ አልብሱት፤ እጥፋቱ ራሱ ይወጣል። የመሸሸጊያ መረብ ከቁስል ፋሻ ይሠራል። ማሰሪያ ቀበቶ ከሆነ ከቀጭን ወረቀት 1 ሚሜ ስፋት ቁረጡ፣ በ1/35 35 ሚሜ ነው፣ ልኩ ነው።

ፕራይመርና ቀለም

ፕራይመር በረድ ባለ የደሴ ጠዋት ቆርቆሮው ውስጥ ወፍራም ይሆንና እየተንጠባጠበ ይወጣል። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩት፤ የፈላ ውሃም እሳትም ግን አይጠጋውም፣ ይፈነዳል። ከ20 ሴ.ሜ ርቀት፣ ሳትቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ፣ በሁለት ስስ ንብር ይረጫል። በደረቅ በጋ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ ሻካራ ሆኖ ከወደቀ ወደ 15 ሴ.ሜ ቅረቡ። ጉም ባለበት ቀን አይረጭም፣ እርጥበቱ ቀለሙን ያጨጉረዋል።

24 ሰዓት ቆይታችሁ ከሥር በኩል የወረቀት ስኮች ለጥፋችሁ ላጡ። ቀለም ከተነሳ እጥበቱ አልተሟላም፤ እዚያ ላይ ሌላ ንብር መደረብ ችግሩን መቅበር ነው። በቲነር አጥቦ እንደገና መጀመር ያሳዝናል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ያመለጠ አረፋም እዚህ ይታያል፤ ደፍኑና ቦታውን ብቻ መልሳችሁ ርጩ።

ሮዙን ከአክሪሊክ ቀለም ማዋሃድ ይቻላል። መነሻው 10 ነጭ፣ 2 ቀይ ቡኒ፣ 1 ቢጫ አፈር መልክ ነው። የልጆች አሻንጉሊት ሮዝ ከመሰለ ቀይ ቡኒው ጎድሏል ወይም ደማቅ ቀይ ገብቷል፤ የሚፈለገው አሸዋ የመሰለ ሮዝ ነው። ለሙሉው መኪና የሚበቃውን በአንድ ጊዜ አዋህዱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ያው ቀለም አይመጣም። በብሩሽ ከሆነ በውሃ ቀጥኖ እንደ ወተት ይሁን፤ ሦስት አራት ስስ ንብር፣ በየመሃሉ 30 ደቂቃ። ኮምፕረሰር ያለው ሰው ይቀድማል፣ ግን መብራት ሲሄድ ቀለም ውስጡ እንዳይደርቅ መርጫው ወዲያው ይታጠብ።

ጭረትና ዝገት

እዚህ ላይ ስንት ጥሩ ሞዴል ከንቱ ይሆናል። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ነው፤ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው የተሠራው፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም። ስለዚህ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎና የስፖንዳ ግድግዳ ላይ ቡኒ ዝገት መቀባት ስህተት ነው። እዚያ ያለው ጭረት በሁለት ደረጃ ነው፦ ሮዙ ሲነሳ መጀመሪያ የጦሩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ በጥልቁ መሃል ፈዛዛ ግራጫ ብር። ዝገት የሚፈቀደው ብረት በሆነው ላይ ነው፦ ሻንሲ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ። ጋራዥ ጥግ የቆመ አሮጌ ላንድሮቨር ካገኛችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሻንሲው ተበልቶ እንኳ ኮፋኖው ከመጨማደድ በቀር ቀይ አይታይበትም።

ጭረቱ በትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ ይነካል፤ ቀለሙ ወረቀት ላይ ሊደርቅ እስኪቀርብ ተጠርጎ ነው። ቦታው ደግሞ እግር የሚረግጥበት፣ ጄሪካን የሚጎተትበት፣ ወታደሩ የሚወጣበት የስፖንዳ ጠርዝ ነው። ሁሉም ጠርዝ ላይ እኩል ከተበተነ የትም ያልተነዳ መኪና ይመስላል።

ስርጉዶቹን ለማጉላት የዘይት ቀለም ጥቁር ቡኒ በአኳራጅ አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ መስመሩ ላይ ብቻ ንኩ፣ 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ የተረፈውን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ላምባ አትጠቀሙ፣ ቅባቱ አይደርቅም።

አቧራ

የሚሸጥ የአቧራ ዱቄት ውድ ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ አያስፈልግም። ከባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ዳር ያለው ፈዛዛ አቧራ ለበረሃ መኪና ይስማማል፤ ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢያመጣ ለብዙ ሞዴል ይበቃል። የደጋው ጥቁር አፈር ለዚህ መኪና አይሆንም።

አፈሩ እንዳለ አይነሰነስም። የቆላ አፈር ጨው ሊኖረው ስለሚችል በውሃ በጥብጣችሁ አስቀምጡ፣ ሲጠል ውሃውን ድፉ፣ ይህን ሁለት ጊዜ። ካልታጠበ ክረምት ሲገባ ጨው ነጭ ሆኖ ይወጣበታል። ከዚያ በደረቅ ምጣድ 15 ደቂቃ አምሱት፣ አቀዝቅዙና በሁለት ድርብ ሻሽ ንፉት። 0.3 ሚሜ የሆነች ቅንጣት በ1/35 ከ1 ሴ.ሜ የበለጠች ጠጠር ስለሆነች ዱቄቱ በጣት መሃል ሻካራነት የማይሰማበት መሆን አለበት።

ዱቄቱን በአልኮል በጥብጣችሁ ከታች ጀምሩ፦ ጎማና የፓራፋንጎ ውስጥ ብዙ፣ ጎኑ መካከለኛ፣ ኮፋኖው ላይ ስስ። ወንበር ላይ የተቀመጠበት ቦታ ንጹሕ ይተው፣ ዳሩ ይቧራ። ሲደርቅ መጀመሪያ ከሚጠበቀው በላይ ነጭ ይሆናል፤ በደረቅ ብሩሽ እየጠረጋችሁ ቀንሱት። በመጨረሻ አንጸባራቂ ያልሆነ ቫርኒሽ ከሩቅ፣ በስሱ። ወፍራም ከሆነ አቧራውን አጨልሞ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ከቫርኒሽ በኋላ ጎማው ላይ ጥቂት ደረቅ ዱቄት መልሱ።

ማጓጓዝ

ሞዴሉን በአውቶቡስ ለሚወስድ፦ ሻንሲው መሃል ላይ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ በብሎን ከጣውላ ጋር ይታሰር፣ ጣውላው ደግሞ ከካርቶኑ ወለል ጋር። በጥጥ ወይም በጨርቅ አይጠቅለል፣ ስፖኪዮና አፈሙዝ የሚሰበረው ሲጠቀለልና ሲፈታ ነው። ካርቶኑ ከእግር ሥር እንጂ ፀሐይ በሚመታው መስኮት በኩል አይቀመጥ።